የስኳር ምስልና የእንጨት ፎርማ
ከህንድ የበዓል ጣፋጮች ታሪክ

የሰው ልጅ ለበዓሉ ከሚያዘጋጃቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነው የሚበላው ነው። ሐውልት ለዘመናት ይቆማል፤ ሥዕል በግድግዳ ላይ ይኖራል፤ የጥበብ ቀሚስም ቢሆን እስኪያልቅ ድረስ ከባለቤቱ ጋር ይከርማል። በህንድ አገር በዓል በመጣ ቁጥር ከስኳር እየተቀረጸ ለልጆች የሚታደለው ዝሆንና ፈረስ፣ ወፍና ቤተ መቅደስ ግን ዛሬ ተሠርቶ ነገ የለም። በመሆኑም ስለ ኪነ ጥበብ በሚነገርበት ቦታ የስኳር ምስል ብዙውን ጊዜ ከጓዳ ሥራ ተቆጥሮ ይታለፋል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ዐላፊ ጣፋጭ በስተጀርባ የሚቆይ ነገር አለ። እርሱም ለጣፋጩ መልክ የሚሰጠው፣ ፎርማ የምንለው የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ነው። ስኳር ማንም ከገበያ ሊገዛው የሚችል ሸቀጥ ነው። ፎርማው ግን የአንድን ሕዝብ ዓይን፣ እጅና ትዝታ የያዘ ቅርስ ነው። ይህ ጽሑፍ የህንድን የበዓል ስኳር ምስሎች ታሪክ የሚቃኘው የሩቅ አገር ወግ ለማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። ስኳሩን ተቀብለን የራሳችንን ፎርማ ግን ገና ያልቀረጽን እኛ፣ በተለይም እንደ ጅማ ያለ የዕውቅ እንጨት ቀራጮች አገር፣ ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ቁም ነገር ስላለ ነው።

ከጠጠር እስከ ስኳር

የሸንኮራ አገዳ በመጀመሪያ የለማው በኒው ጊኒ ደሴት መሆኑን የዘርፉ ሊቃውንት ይገልጻሉ። የአገዳውን ጭማቂ አፍልቶና አንጥሮ ወደ ደረቅ ፍሬ የመለወጥ ጥበብ ግን ለዓለም የተላለፈው ከህንድ ነው። የታላቁ እስክንድር የባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ኒያርኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ህንድን ባየ ጊዜ፣ ያለ ንብ ማር የሚሰጥ ሸምበቆ በዚያ እንደሚበቅል እየተደነቀ አውርቷል። «አርትሃሻስትራ» የተባለው ጥንታዊ የህንድ የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍም ከአገዳ የሚገኙትን ውጤቶች ፋኒታ፣ ጉዳ፣ ካንዳ፣ ሻርካራ እያለ በዓይነት በዓይነታቸው ይዘረዝራል። በጉፕታ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የማጣራቱ ሙያ ከፍ ካለ ደረጃ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ647 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ የስኳርን አሠራር ተምረው እንዲመለሱ ወደ ማጋዳ መልእክተኞችን መላኩ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

የዕቃው ጉዞ ከቃሉ ጉዞ ጋር አብሮ ይነበባል። ሻርካራ በሳንስክሪት ጠጠር ማለት ነው። ቃሉ በፋርስ ሻካር፣ በዐረብ ሱከር ሆኖ በመጨረሻ ከእኛ ዘንድ ስኳር ተብሎ ደረሰ። ስባሪ ማለት የሆነው ካንዳም በፋርስና በዐረብ ቃንድ ተብሎ ለአውሮፓ ቋንቋዎች የካንዲን ስም አስገኘ። በጅማ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስኳር እንዲጨመርለት የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው የጥንት ህንዳውያንን ቃል እየተናገረ ነው።

መንገዱ ግን የአንድ አቅጣጫ መንገድ አልነበረም። በሰሜን ህንድ የጣፋጭ ሠሪው መጠሪያ ሃልዋይ ነው። ይህም ስም ሐላዋ ከሚለው፣ በሐረርም በጅማም ከሚታወቀው የዐረብኛ ቃል የተገኘ ነው። ህንድ ለዐረቡ ዓለም ስኳርን ስትሰጥ፣ የዐረቡ ዓለም ደግሞ ለህንዳዊው ባለሙያ የሙያውን ስም ሰጠው። ባህል ተለይቶና ተከልሎ የሚያድግ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዓልና የስኳር ምስል

በሰሜን ህንድ፣ በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር፣ የስኳር ምስሎች ወቅት ዲዋሊ የተባለው የመብራት በዓል ነው። በዓሉ በእኛ ጥቅምት ወይም የኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በጅማና በአካባቢዋ ቡና መልቀም በሚደራበት ሰሞን ይውላል። በዚያን ሌሊት የሀብት አምላክ ለምትባለው ለላክሽሚ በየቤቱ መብራት ይበራል፤ ነጋዴውም አዲስ የሒሳብ መዝገብ ይከፍታል። ለበዓሉ የሚቀርበው ከአዲሱ የሩዝ አዝመራ የተቆላ፣ የእኛን ፈንዲሻ የሚመስል የሩዝ ፍንድቅ፣ ባታሻ የሚባለው ክብና ቀላል የስኳር ጠብታ፣ እንዲሁም በፎርማ የወጡት የስኳር ዝሆኖች፣ ፈረሶች፣ ወፎችና ቤቶች ናቸው። እነዚህ ምስሎች ኪሎኔ ይባላሉ፤ ትርጉሙም መጫወቻ ማለት ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ይጫወትባቸዋል፤ ቀጥሎም ይበላቸዋል።

በቤንጋል ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት መካከል በሚውለው የቀለም በዓል ጊዜ እንደ ቤተ መቅደስ ጉልላት ሾጠጥ ያለ ነጭ፣ ሮዝና ቢጫ የስኳር ምስል ይሸጣል። በማሃራሽትራ፣ የአዲስ ዓመት መግቢያ በሆነው በጉዲ ፓድዋ፣ የተሠራው ጣፋጭ እንደ ሜዳልያ ክብ ሆኖ ክር ይተላለፍበታል። ይህ ሳካር ጋቲ የሚባለው የስኳር ጌጥ በየቤቱ ደጃፍ በሚቆመው የበዓል ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጆችም እንደ ሐብል በአንገታቸው ያጠልቁታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ጌጥም፣ ስጦታም፣ ምግብም ሆኖ ያገለግላል።

ከሁሉ ይልቅ የጠለቀ ማኅበራዊ ትርጉም ያለው የካርናታካው ልማድ ነው። በማካራ ሳንክራንቲ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ወይም 7 ቀን ገደማ፣ ከጥምቀት በዓላችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ልጃገረዶች ጌጠኛ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ጎረቤት ይወጣሉ። በሳህናቸው ላይ የሰሊጥ፣ የለውዝ፣ የደረቀ ኮኮናትና ያልተጣራ ጥቁር ስኳር ድብልቅ፣ የሸንኮራ ቁራጭና የስኳር ምስሎች ይገኛሉ። ስጦታውን የሚቀበል ሰው ጣፋጩን ቀምሶ በዓመቱ ውስጥ መልካም ነገር እንዲናገር ይመከራል። ባለፈው ዓመት የተቀያየመ ጎረቤት በር የሚንኳኳው በዚህ ቀን ነው። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ጨፋሪ ልጆች ሙልሙል የሚሰጥበትን፣ በዒድ ቀን የጎረቤት ልጅ ከየቤቱ የሚጋበዝበትን ልማዳችንን ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ሥርዓት መንፈስ ባዕድ አይሆንበትም።

በካርናታካ ቋንቋ የዚህ ጣፋጭ ስም ሳካሬ አቹ ነው። ሳካሬ ስኳር ሲሆን አቹ ደግሞ ፎርማ ወይም ማኅተም ማለት ነው። ሕዝቡ ጣፋጩን የሰየመው በጣዕሙ ሳይሆን ቅርጽ በሰጠው መሣሪያ ነው። የሥራው ነፍስ የት እንዳለ ስሙ ራሱ ይናገራል።

የቀራጩና የአብሳዩ ሙያ

የስኳር ምስል የሁለት ባለሙያዎች የጋራ ሥራ ነው። የመጀመሪያው እንጨት ቀራጩ ነው። ቀራጩ ጠንካራና በቀላሉ የማይሰነጠቅ እንጨት መርጦ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በእያንዳንዱም ግማሽ ላይ የምስሉን ግማሽ አካል ወደ ውስጥ ይፈለፍላል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ችሎታ ከተራ ቅርጻ ቅርጽ የተለየ ነው። ሐውልት ቀራጭ የሚያየውን ያወጣል፤ ፎርማ ቀራጭ ግን የሚሠራው ባዶውን ነው። በምስሉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ሁሉ በእንጨቱ ላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ይሆናል። የዝሆኑ ኩንቢ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ወይም የጉድጓዱ አፍ ከሆዱ ከጠበበ ስኳሩ ከፎርማው ሲወጣ ይሰበራል። ሁለቱ ግማሾች በትክክል ካልተጋጠሙ ደግሞ ፈረሱ በአንድ ወገን ረጅም፣ በሌላው አጭር ሆኖ ይወጣል። ቀራጩ እንግዲህ ገና ያልተሠራውን ምስል በአእምሮው ገልብጦ ማየት አለበት።

ሁለተኛው ባለሙያ ስኳር አብሳዩ ነው። በሰሜን ሥራው በአብዛኛው የሃልዋዮች ሲሆን በካርናታካ ግን የእናቶች የጓዳ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ስኳሩ በውሃ ተበጥብጦ ይፈላል። ጥቂት ወተት ሲጨመርበት እድፉ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል። ፍሉ በጣትና በጣት መካከል ተነክቶ እንደ ክር ሲሳብ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በማማሰያ ይታሻል። በመታሸቱም በፍሉ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የስኳር ፍሬዎች ይፈጠራሉ፤ መስተዋት የመሰለው ፈሳሽ ደፍርሶ እንደ ወተት ይነጣል። ጥቂት የሎሚ ጠብታ የሚጨመረው ፍሬዎቹ ገዝፈው ምስሉን እንዳያሻክሩት ነው።

ፎርማው አስቀድሞ በውሃ ተዘፍዝፎ ይቆያል። እርጥበት የጠጣ እንጨት ትኩሱን ስኳር አይዝም፤ ይለቀዋል። ሁለቱ ግማሾች ተገጥመው በክር ይታሰራሉ፤ ፍሉም በላይኛው ቀዳዳ ይፈስሳል። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ክሩ ተፈትቶ ሲከፈት ነጩ ዝሆን ቆሞ ይገኛል። አብሳዩ ጥቂት ከዘገየ ስኳሩ በድስቱ ውስጥ ይደርቅበታል፤ ከቸኮለ ደግሞ ምስሉ ሳይጠነክር ይፈርሳል። ይህን የሚወስነው ሰዓት ወይም ሚዛን ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ በእጅ የተላለፈ ልምድ ነው።

ፎርማው ድንበር ሲሻገር

ስኳር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከእርሱ ምስል የመሥራት ሐሳብም በየደረሰበት አገር በቀለ። ናሲር ኹስራው የተባለው ፋርሳዊ መንገደኛ በ11ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ካይሮን በጎበኘ ጊዜ፣ በፋጢማውያን ኸሊፋ የረመዳን መፍቻ ግብዣ ላይ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ሁሉ ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ፣ በዙሪያውም እጅግ ብዙ የስኳር ምስሎች ማየቱን ጽፏል። በግብፅ ለመውሊድ በዓል ለልጃገረዶች የስኳር ሙሽራ፣ ለወንዶች ልጆች ሰይፍ የያዘ የስኳር ፈረሰኛ መስጠት የኖረ ልማድ ነው፤ ሕዝቡም ይህን ልማድ ከፋጢማውያን ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በሲሲሊ ደሴት ሙታን በሚታሰቡበት በኅዳር 2 ቀን እ.ኤ.አ. ልጆች የስኳር አሻንጉሊት ይሰጣቸዋል። በሜክሲኮ፣ በቶሉካ ከተማ፣ ለዚያው የሙታን መታሰቢያ የሚዘጋጀው የስኳር ምስል አልፌኒኬ ይባላል። ይህም ቃል ፋኒታ የሚለው የሳንስክሪት ስም በፋርስ፣ በዐረብና በስፔን በኩል አልፎ ከውቅያኖስ ማዶ የደረሰበት መልኩ ነው።

እነዚህ ሕዝቦች ስኳሩን ከሌላ ተቀበሉ እንጂ ፎርማውን አልተዋሱም። ግብፃዊው የራሱን ሙሽራ፣ ሜክሲኳዊው የራሱን የራስ ቅል፣ ሲሲሊያዊው የራሱን ባላባት ቀረጸ። የውጭ ሸቀጥ የሕዝብ ባህል የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከጣፋጩ በስተጀርባ ያለው ምሬት

የስኳር ታሪክ ሁሉ ግን የበዓል ታሪክ አይደለም። በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች የተዘረጉት የአገዳ እርሻዎች በአፍሪካውያን ባሪያዎች ጉልበት የለሙ ነበሩ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን ሲያስቀሩ የእርሻ ባለቤቶች ፊታቸውን ወደ ህንድ አዞሩ። እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ እስከ 1917 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ህንዳውያን በውል ሠራተኝነት ስም ወደ ሞሪሸስ፣ ትሪኒዳድ፣ ጉያና፣ ፊጂና ሌሎችም አገሮች ተጓጓዙ። ስኳርን ለዓለም ያስተማረው ሕዝብ ልጆች የስኳር ጉልበት ሠራተኞች ሆኑ። ሆኖም በተሰደዱበት አገር ሁሉ የዲዋሊን መብራት ማብራት አልተዉም።

በህንድ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1932 ለአገር ውስጥ ስኳር የታሪፍ ከለላ ከተሰጠ በኋላ ከ30 ገደማ የማይበልጡት ፋብሪካዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ130 በላይ ሆኑ። የፋብሪካው ነጭ ስኳር ለምስል ሠሪው ጥሬ ዕቃውን አቀረበለት። ውሎ አድሮ ግን ያው ፋብሪካ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላና ቸኮሌት ይዞ በመምጣት ተወዳዳሪው ሆነ። ዛሬ በህንድ ከተሞች የታሸገ ጣፋጭ የስጦታውን ቦታ እየወሰደ ሲሆን በእንጨቱም ፋንታ የፕላስቲክ ፎርማ ተተክቷል። በግብፅም የስኳሯ ሙሽራ ቦታዋን በብዛት ለፕላስቲክ አሻንጉሊት ለቅቃለች። ቀራጩ ልጁን ሙያ ሳያስተምር ሲያልፍ የሚጠፋው አንድ መተዳደሪያ ብቻ አይደለም፤ ምስሉን ገልብጦ የሚያይ አእምሮ አብሮ ይጠፋል።

ጅማ፦ ስኳሩ ሲመጣ

ጅማ ጣፋጭን ያወቀችው ከስኳር በፊት ነው፤ ጣፋጭዋም ማር ነበር። በጌራና በሊሙ ጫካዎች ከዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ቀፎ የሚቆረጠው ማር የእንግዳ ማክበሪያ፣ የበዓል ብርዝ መበጥበጫ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ታላቅ የንግድ መናኸሪያ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በአሳፋሪው የታሪክ ገጽም የሰው ልጅ ራሱ የሚሸጥበት ይህ ገበያ፣ በወጥ መልክ የተጠረበውን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይጠቀም ነበር። ቅርጽ የተሰጠው ጨው ገንዘብ መሆኑን ያወቀ ገበያ፣ ቅርጽ የተሰጠው ስኳር ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገንዘብ ሩቅ አልነበረም።

የህንድ ነጋዴዎችም ለኢትዮጵያ እንግዶች አልነበሩም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የመሐመዳሊ ኩባንያ በአገሪቱ ንግድ ከፍተኛ ስፍራ ይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ተባረረ። ከነፃነት በኋላም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ህንዳውያን መምህራን ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። ነጋዴው ሸቀጡን፣ መምህሩ ትምህርቱን አመጣ፤ የስኳር ምስል ፎርማ ግን ከእነርሱ ጋር መጥቶ በአገራችን ሥር አልሰደደም።

ስኳር በብዛት የመጣው በፋብሪካ በኩል ነው። በጃቫ ደሴት የአገዳ እርሻ የነበረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎችም በየጊዜው ተከተሉ። በዚያም ቢሆን የጅሌና የከረዩ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን ማጣታቸው የታሪኩ አካል ነው። ወንጂ ስሟን የምታነሳበት፣ ብዙ ትውልድ በልጅነቱ የሚያስታውሰው ደስታ ከረሜላም የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው። ከረሜላ የሚለው ስም ከኢጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ቅርጹም የመኪና ቅርጽ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ስኳር ለጅማ የሩቅ ዕቃ አይደለም፤ በዲዴሳ ሸለቆ የተቋቋመው የአርጆ ዴዴሳ ፋብሪካ ከአካባቢው ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በሂርማታ፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ለዒድ ወይም ለገና የሕፃን እጅ የሚገባው ጣፋጭ ምንም የአካባቢ መልክ የሌለበት የታሸገ ዕቃ ነው።

ይህ ሁኔታ የቀራጭ እጥረት ያመጣው አይደለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆመው የጅማ በርጩማ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ነው። በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራና በጅማ ሙዚየም የተቀመጡት ዕቃዎች የዚህ ሙያ ማስረጃዎች ናቸው። ዋንዛን ሳይሰነጥቅ የሚፈለፍል እጅ አለ፤ ስኳሩ አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቅበት በዓልም አለ። የጎደለው ሦስቱን የሚያገናኝ ሐሳብ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከህንድ የስኳር ምስሎች የምንማረው የእነርሱን ዝሆን መገልበጥን አይደለም። እነርሱ የሠሩትን ለራሳችን መሥራትን ነው። የእጅ ሥራ መምህር ተማሪዎቹን በዋንዛ ቁራጭ ላይ ጀበና፣ በርጩማ፣ የቡና ዘለላ ወይም የጅሬንን ቤተ መንግሥት ገልብጠው እንዲፈለፍሉ ቢያደርጋቸው፣ ስለ ቅርጽና ስለ ባዶ ቦታ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ትምህርት ይሰጣቸዋል። ሠዓሊው ንድፉን፣ የበርጩማ ቀራጩ እጁን፣ እናቶች የማብሰል ልምዳቸውን ቢያዋጡ ሥራው ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የባህል ተቋማትም የተጠናቀቀውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የተሠራበትን መሣሪያ፣ የመሣሪያውንም ባለሙያ ቃል ሰብስበው ማቆየት ይገባቸዋል።

የስኳር ምስል መጠኑም መልካም ነው። በዓመት አንድ ቀን የሚቀመስ እንጂ በየቀኑ የሚታኘክ አይደለም፤ ደስታውም ከብዛቱ ሳይሆን በዓሉን በመጠበቁ የሚገኝ ነው። ምስሉ በበዓሉ ማግስት ያልቃል፤ ማለቅም አለበት። ፎርማው ግን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። አንድ ሕዝብ ለልጆቹ የሚያወርሰው ይህን የተቀመጠውን ነው።